"ኦሪጅናል ነው" ተብዬ የገዛሁት ሥዕል፦ ስለ ጥንቶቹ የአሜሪካ የመጽሐፍ ሠዓሊዎች

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቅዳሜ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማትርቅ የሜሪላንድ ከተማ ውስጥ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ሜዳ ስዘዋወር አንድ ትልቅ ሥዕል ጠረጴዛ ተደግፎ አየሁ። አንድ ልጅ ጥቂት ዕቃውን በጨርቅ ቋጥሮ፣ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አድርጎ ከቤቱ ይወጣል። ከበስተኋላው፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ አጠገብ እናቱ ቆማ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ልጁ ዞሮ አያያትም።

እኔ ከአገሬ ስወጣ እናቴ ቦሌ ላይ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ነበር የተሰናበተችኝ። እኔም አልዞርኩም። ብዞር እግሬ እንደማይታዘዘኝ አውቅ ነበርና። ስለዚህ ሥዕሉ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ሻጩ መጣና "የኤን ሲ ዋየዝ ሥራ ነው፤ የ'ትሬዠር አይላንድ' ሥዕል ነው" አለኝ። መጽሐፉን አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ሳለን ቀለል ባለ እንግሊዝኛ የተዘጋጀውን ቀጭን እትም እየተቀባበልን አንብበነዋል። "ኦሪጅናል ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። "አዎ፣ ኦሪጅናል ነው" አለ። እጄን በሸራው ላይ ሳሳልፍ የብሩሹ ፈለግ ይሻክራል። 650 ዶላር ከፍዬ ተሸክሜው ሄድኩ። ገንዘቡ እናቴን ለማየት ለምሄድበት የአውሮፕላን ቲኬት ያስቀመጥኩት ነበር። ባለቤቴ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሥዕሉን ያሳየሁት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ዕድሜያቸውን ፎቶ እየቆረጡና ፕሌት እየሠሩ ለጨረሱ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ነው። ከኪሳቸው ትንሿን የማተሚያ ቤት አጉሊ መነጽር አወጡ። ዛሬም ትለያቸው አይመስለኝም። ልጁ ጉንጭ ላይ አስጠግተው አዩ፣ ሰማዩ ላይ አዩ፣ የእናትየው ሽርጥ ላይ አዩ።

"ልጄ፣ ስንት ከፈልክ?" አሉኝ።

"ይተዉት ጋሼ፣ ምን አዩ?"

"ነጠብጣብ ነዋ! ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። ይኼ ከማተሚያ የወጣ ነው። ላዩ ላይ የሻከረው ቀለም አይደለም፤ እንደ ሙጫ ያለ ነገር በብሩሽ ቀብተውበት ነው። እስቲ ራስህ እየው።"

አየሁ። እንዳሉት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን "ታዲያ ዋናው ሥዕል የት ነው? ማን ሣለው? ለምን?" የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። ባገኘሁት ዕረፍት ሁሉ ሙዚየም ዞሬ፣ መጽሐፍ አገላብጬ የደረስኩበትን ለአንባቢያን ለማካፈል ነው ይህን የምጽፈው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕሉን የሚበላው እንጨት

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ልብ ወለድ ከሥዕል ጋር መውጣት የተለመደ ነገር ሆነ። በዚያ ዘመን ስሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ፊሊክስ ዳርሊ ነው። በ1822 ፊላደልፊያ ተወልዶ፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ ራሱን ያስተማረ ሠዓሊ ነበር። የዋሽንግተን ኧርቪንግን "ሪፕ ቫን ዊንክል" በ1848፣ "ዘ ለጀንድ ኦቭ ስሊፒ ሆሎው"ን በ1849 በሥዕል አወጣ። ከ1859 እስከ 1861 ደግሞ በ32 ቅጽ ለታተመው የጄምስ ፌኒሞር ኩፐር ልብ ወለዶች ስብስብ ሥዕሎቹን ሠራ። ዴላዌር ውስጥ ክሌይሞንት በተባለ ቦታ ይኖር ነበር።

ከዚያ ዘመን የእጅ ሥራዎች ጥቂት ብቻ የተረፉበት ዋና ምክንያት የኅትመቱ ዘዴ ነው። ሠዓሊው በጣም ጠንካራና ልሙጥ በሆነ እንጨት ላይ በቀጥታ ይሥላል። ከዚያ ቀራጩ ይመጣና ነጭ መሆን ያለበትን ሁሉ በስለት እየፋቀ ያወጣዋል፤ ጥቁር መሆን ያለበት መሥመር ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል። ቀለም ተቀብቶ የሚታተመው ያ ነው። እንግዲህ ቀራጩ ሥራውን ሲጨርስ ሠዓሊው በእጁ የሣለው የለም፤ ተቆርጦ አልቋል። መጽሐፉ ላይ የምናየው መሥመርም የሠዓሊው ሳይሆን የቀራጩ እጅ ነው። ብዙ ሠዓሊዎች "ሥራዬን አበላሸብኝ" እያሉ ከቀራጮች ጋር ይጣሉ የነበረው በዚህ የተነሣ ነው።

ነገሩን የለወጠው ፎቶግራፍ ነው። በመጀመሪያ ሥዕሉን ፎቶ አንሥቶ እንጨቱ ላይ ማሳረፍ ተቻለ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሥዕሉን በቀጭን መረብ፣ የማተሚያ ቤት ሰዎች "ስክሪን" በሚሉት በኩል ፎቶ አንሥቶ ወደ ነጠብጣብ መቀየርና በብረት ላይ ማውጣት ተስፋፋ። ጋሼ "ክሊሼ" የሚሉት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሠዓሊው በፈለገው መጠን፣ በፈለገው ቀለም፣ በሸራ ላይ መሥራት ቻለ። ሥዕሉም ፎቶ ከተነሣ በኋላ ሳይነካ ይመለሳል። የመጽሐፍ ሥዕል ዋናው ቅጂ እንደ ልብ መትረፍ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

የ23 ዓመቱ ወጣትና "ሃክልቤሪ ፊን"

ማርክ ትዌይን "አድቬንቸርስ ኦቭ ሃክልቤሪ ፊን"ን ሲያሳትም ሠዓሊ ፈልጎ ኤድዋርድ ኬምብል የተባለ ወጣት መረጠ። ሥዕሉን "ላይፍ" በተባለ መጽሔት ላይ አይቶ ነው። ኬምብል 23 ዓመቱ ነበር፤ ለመጽሐፉ 174 ሥዕል ሠራ። መጽሐፉ እንግሊዝ ውስጥ በ1884 መጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1885 መጀመሪያ ወጣ።

ለኛ ለጥቁር አንባቢያን ግን እዚህ ላይ መነገር ያለበት ነገር አለ። ኬምብል ሥራውን ሲሠራ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ደቡባዊውን ክፍል አያውቀውም ነበር። ለሥዕሉ በሞዴልነት የቆመለትም አንድ የሰፈሩ ነጭ ልጅ ነው። ልጁ ሃክን ሆኖ ቆመ፣ ሴቶቹን ሆኖ ቆመ፣ ከባርነት የሚሸሸውን ጂምንም ሆኖ ቆመ። በመጽሐፉ ውስጥ ጂም ልጆቹ ናፍቀውት የሚያለቅስ፣ ለሰው የሚራራ ሙሉ ሰው ነው። በሥዕሉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሰው የሚስቅበት ሆኖ ይታያል። ኬምብል ከዚያ በኋላም በጥቁሮች ላይ በሚያሾፉ ሥዕሎች ነው ስሙ የገነነው። ለብዙ አሠርት ዓመታት አንባቢው ጂምን ያየው ደራሲው በጻፈው ሳይሆን ሠዓሊው በሣለው ዓይን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጽሐፍ ሥዕል ጌጥ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ይኸው መጽሐፍ ሌላም ጣጣ ነበረበት። ኅትመቱ ከተጀመረ በኋላ አንድ ያልታወቀ ሰው ከሥዕሎቹ የአንዱን ፕሌት ነካክቶ አሳፋሪ ምስል አድርጎት ተገኘ። ገጹ ተቆርጦ ወጥቶ በሌላ ተተካ፤ አጥፊውን ለሚጠቁም 500 ዶላር ሽልማት ቢነገርም ሰውዬው አልተገኘም። መጽሐፉም በዚህ ሰበብ ዘገየ።

አባታቸው ሃዋርድ ፓይል

የአሜሪካን የመጽሐፍ ሥዕል ወደ ትልቅ ሙያ ያደረሰው ሃዋርድ ፓይል ነው። በ1853 ዴላዌር ውስጥ ዊልሚንግተን ከተማ ተወለደ። እሱ ሠዓሊም ደራሲም ነበር። "ዘ ሜሪ አድቬንቸርስ ኦቭ ሮቢን ሁድ"ን በ1883 ራሱ ጽፎ ራሱ ሣለው። ከ1903 ጀምሮም የንጉሥ አርተርን ታሪክ በተከታታይ መጻሕፍት አወጣ። ዛሬ በፊልም የምናያቸው የባሕር ወንበዴዎች፣ ራሳቸውን በሻሽ አስረው ወገባቸውን በጨርቅ ጠምጥመው የሚታዩት፣ አለባበሳቸው በአብዛኛው የተቀዳው ከታሪክ ሰነድ ሳይሆን ከፓይል ሥዕል ነው።

ፓይል በ1894 ፊላደልፊያ በሚገኘው ድሬክስል የማስተማር ሥራ ጀመረ። በ1898 እና በ1899 ክረምት ተማሪዎቹን ይዞ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ብራንዲዋይን ወንዝ ዳር ወዳለችው ቻድስ ፎርድ መንደር ወረደ። በ1900 ድሬክስልን ትቶ ዊልሚንግተን ውስጥ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ለትምህርቱ ገንዘብ አይጠይቅም ነበር። መግቢያው ችሎታ ነው። ተማሪዎቹን ደጋግሞ የሚያስተምራቸው አንድ ነገር ነበር፦ የምትሥሉት ቦታ ውስጥ ግቡ፤ ብርዱ ይሰማችሁ፤ የሚሮጠውን ሰው ስትሥሉ እናንተም ይድከማችሁ።

የፓይልን ሥራ ለሚፈልግ ሰው አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። ብዙዎቹ የዘይት ቀለም ሥዕሎቹ በጥቁርና ነጭ ብቻ የተሠሩ ናቸው። በቀለም ማተም ውድ ስለነበረ ሥዕሉ መጀመሪያውኑ የሚሣለው ለጥቁርና ነጭ ኅትመት ተስማምቶ ነው። አንዳንዴ ቀይ ብቻ ይጨመርበታል። ባለ ሙሉ ቀለም ሥዕል የተለመደው በአራት ቀለም ማተም ከተስፋፋ በኋላ፣ በ1900 አካባቢ ነው።

ፓይል በ1910 ወደ ጣሊያን ሄዶ በኅዳር 1911 ፍሎረንስ ውስጥ በ58 ዓመቱ አረፈ። የዊልሚንግተን ሰዎች በ1912 ማኅበር አቋቁመው ከ100 የሚበልጡ ሥራዎቹን ከባለቤቱ ገዙ። ዛሬ የዴላዌር የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚባለው ከዚያ ማኅበር የተወለደ ነው።

እናት የምታለቅስበት ሥዕል

ወደ እኔ 650 ዶላር ልመለስ። ኒዌል ኮንቨርስ ዋየዝ በ1882 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒድሃም በምትባል ከተማ ተወለደ። በ20 ዓመቱ የፓይል ተማሪ ሆነ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ፣ በየካቲት 1903 አንድ ሥዕሉ የ"ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት" መጽሔት ሽፋን ሆኖ ወጣ። በ1911 ቻርልስ ስክሪብነርስ ሰንስ የተባለው አሳታሚ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን "ትሬዠር አይላንድ" እንዲሥል ሰጠው። መጽሐፉ ራሱ በ1883 ታትሞ የነበረ ነው።

ዋየዝ በዚያ ክረምት 17 ሥዕል ሠራ። ለመጽሐፍ ገጽ የሚሠራ ሥዕል ትንሽ ይመስለናል። የዋየዝ ሸራዎች ግን ቁመታቸው 120፣ ወርዳቸው 96 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ያ ሁሉ ተጨምቆ በአንድ መዳፍ የሚሸፈን ገጽ ላይ ይወጣል። የተከፈለው 2,500 ዶላር ሲሆን በዚያው ሰሞን ቻድስ ፎርድ ውስጥ 18 ኤከር፣ ማለትም ከ7 ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ መሬት ገዝቶ ቤትና ስቱዲዮ ሠራ። አምስት ልጆቹን ያሳደገው እዚያው ነው። ከእነሱ አንዱ በ1948 "ክሪስቲናስ ዎርልድ" የተባለውን ዝነኛ ሥዕል የሠራው አንድሩ ዋየዝ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። በልብ ወለዱ ውስጥ ጂም ሆኪንስ ከእናቱ ሲለይ ደራሲው ጉዳዩን በአጭሩ ነው የሚያልፈው። እናቱ ስታለቅስ፣ ሽርጧን ፊቷ ላይ ስታደርግ የሚል የለም። ያንን የጨመረው ሠዓሊው ነው። ዋየዝ ደራሲው በዝርዝር የጻፈውን ደግሞ መሣል አይወድም ነበር፤ ደራሲው በችኮላ ያለፈው ቦታ ላይ ይቆማል። እኔ ገበያ መሐል የቆምኩት እንግዲህ ስቲቨንሰን ያልጻፈው ነገር ፊት ነው።

ከዚያ በኋላ "ኪድናፕድ" በ1913፣ "ዘ ቦይስ ኪንግ አርተር" በ1917፣ "ዘ ሚስቴሪየስ አይላንድ" በ1918፣ "ዘ ላስት ኦቭ ዘ ሞሂካንስ" በ1919፣ "ሮቢንሰን ክሩሶ" በ1920 ተከተሉ። በዕድሜው ከመቶ በላይ መጻሕፍትን በሥዕል አስጊጧል። ሰውዬው ግን ደስተኛ አልነበረም። "የመጽሐፍ ሠዓሊ" መባል ያንገበግበው ነበር፤ በራሱ ሐሳብ የሚሥል "እውነተኛ ሠዓሊ" ሆኖ መታወቅ ይፈልግ ነበር። በጥቅምት 1945፣ 63 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከቤቱ አቅራቢያ በሐዲድ ማቋረጫ ላይ መኪናውን ባቡር መታው። አብሮት የነበረው ሕፃን የልጅ ልጁም ሞተ።

ሴቶቹ

ፓይል ድሬክስል ሳለ ካስተማራቸው መካከል ጄሲ ዊልኮክስ ስሚዝ፣ ኤልሳቤጥ ሺፐን ግሪንና ቫዮሌት ኦክሊ ይገኛሉ። ሦስቱ አንድ ቤት ተከራይተው፣ ወጪያቸውን ተካፍለው አብረው እየኖሩ ይሠሩ ነበር። የቤቱ ስም "ሬድ ሮዝ" ስለነበረ "የሬድ ሮዝ ልጆች" ይባላሉ። በዚያ ዘመን ሴት በሥዕል ሥራ ራሷን አስተዳድራ ስትኖር ማየት ብርቅ ነበር።

ስሚዝ መጀመሪያ የሕፃናት መምህርት ነበረች። የሉዊዛ ሜይ አልኮትን "ሊትል ዊመን" በ1915፣ የቻርልስ ኪንግስሊን "ዘ ዋተር ቤቢስ" በ1916 ሣለች። "ሊትል ዊመን" በ1868 መጀመሪያ ሲወጣ ሥዕሎቹን የሠራችው የደራሲዋ እህት ሜይ አልኮት ነበረች፤ ተቺዎች ግን አልራሯትም። ስሚዝ በ1935 ስትሞት የ"ዋተር ቤቢስ"ን ዋና ሥዕሎች ለአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተናዘዘች። ብልህ ሴት ነበረች፤ ከሌሎቹ ብዙዎቹ የደረሰባቸውን ታውቅ ነበርና።

ሥዕሎቹ የት ገቡ?

በጥንቱ አሠራር አሳታሚው ለሥዕሉ አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜ የማሳተም መብቱም ሸራውም እሱው ዘንድ ይቀራል። መጽሐፉ መቶ ሺህ ቢሸጥ ሠዓሊው አይጨመርለትም። ለየት ያለው ዊሊያም ዴንስሎው ነው። በ1900 የወጣውን "ዘ ወንደርፉል ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ" ከደራሲው ፍራንክ ባውም ጋር የባለቤትነት መብቱን ተካፍሎ ስለነበረ፣ ባገኘው ገንዘብ ቤርሙዳ ላይ ደሴት ገዝቶ ራሱን "ንጉሥ" ብሎ ሰየመ።

የሌሎቹ ሸራዎች ግን ፎቶ ከተነሡ በኋላ እንደ ያለቀ ዕቃ ይቆጠሩ ነበር። ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፣ ለሠራተኛ ይሰጣሉ፣ ለትምህርት ቤት ይታደላሉ፣ ምድር ቤት ይጣላሉ። በ2017 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ አንዲት ሴት አሮጌ የሥዕል ፍሬም ስትፈልግ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በ4 ዶላር አንድ ሥዕል ገዛች። ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ ከቆየ በኋላ ዋየዝ በ1939 ለታተመው "ራሞና" ለተባለው ልብ ወለድ የሠራው ዋና ሥዕል መሆኑ ታወቀ። አሳታሚው ለአንድ አዘጋጅ ወይም ለደራሲዋ ወራሾች ሰጥቶት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይገመታል። በመስከረም 2023 በጨረታ 191,000 ዶላር ወጣለት። የሚያሳዝነው፣ አሸናፊ የተባለው ሰው ገንዘቡን ሳይከፍል ቀረ።

ዋጋው ሲወጣ ሌባውም ይመጣል። በ2013 ሜይን ግዛት ውስጥ ፖርትላንድ ከተማ ከአንድ ግለሰብ ንብረት ላይ ስድስት የዋየዝ ሥዕሎች ተሰረቁ። አራቱ አገር አቋርጠው ካሊፎርኒያ ከአንድ የወለድ አገድ ሱቅ በ2014 መጨረሻ ተገኙ፤ የቀሩት ሁለቱ በ2015 ተመለሱ። "ተራ የመጽሐፍ ሥዕል" ይባል የነበረው ምን ደረጃ እንደደረሰ ለማወቅ የኖርማን ሮክዌልን ማየት ይበቃል። ለመጽሔት ሽፋን የሠራው "ሴይንግ ግሬስ" በታኅሣሥ 2013 በ46 ሚሊዮን ዶላር ነው የተሸጠው።

"ኦሪጅናል" ስንት ነው?

እኛ አገር "ኦሪጅናል ጫማ"፣ "ኦሪጅናል መለዋወጫ" ስንል ፎርጅድ ያልሆነ ማለታችን ነው። በሥዕል ገበያ ግን ቃሉ ቢያንስ አራት ነገር ሊሸፍን ይችላል፤ እኔም የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ሠዓሊው በእጁ የሣለው አንድ ለእናቱ የሆነው ሸራ ወይም ወረቀት አለ። ሁለተኛ፣ ለምሳሌ በ1911 በወጣው መጽሐፍ ውስጥ በዚያን ጊዜ የታተመው ገጽ አለ። ብዙ ነጋዴዎች አሮጌውን መጽሐፍ ገነጣጥለው ገጹን በፍሬም ይሸጣሉ። የኛንም የብራና መጻሕፍት ቅጠል እየገነጠሉ ለቱሪስት የሚሸጡ እንዳሉ ሳስብ ያመኛል። ሦስተኛ፣ ከዓመታት በኋላ የታተመ የግድግዳ ሥዕል አለ። አራተኛ፣ ዛሬ በኮምፒውተር ሸራ ላይ የሚታተም አለ፤ የኔው ይኸኛው ነው። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከታተሙ 95 ዓመት ያለፋቸው ሥራዎች የባለቤትነት መብታቸው ስላበቃ ማንም ማተም ይችላል። ጥፋቱ ታትሞ የወጣውን በእጅ የተሣለ አስመስሎ መሸጡ ነው።

ከጋሼና ከሙዚየም ሰዎች የተማርኩትን መለያ እንደሚከተለው ላስቀምጥ።

1. አጉሊ መነጽር ያዙ። ሰው ፊትና ሰማይ ላይ እዩ። በሥርዓት የተደረደረ ወይም እንደ ጤፍ የተበተነ ነጠብጣብ ካለ ኅትመት ነው። በእጅ የተሣለ ቀለም ነጠብጣብ የለውም።

2. ሻካራነቱን አትመኑ። የብሩሹ ፈለግ ከሥዕሉ ጋር መሄድ አለበት። ልብሱ ቁልቁል ታጥፎ ፈለጉ አግድም ከሄደ ላዩ ላይ የተቀባ ነው።

3. መጠኑን መርምሩ። የዋየዝ ሸራ ትልቅ ነው። የብዕር ሥዕሎችም ብዙ ጊዜ ከሚታተሙበት ገጽ ይበልጣሉ። መጠኑ ከመጽሐፉ ገጽ ጋር አንድ ከሆነ ጠርጥሩ።

4. ጠርዙንና ጀርባውን እዩ። የእውነተኛው ሥራ ኅዳግ ላይ አዘጋጁ በእርሳስ "ወደዚህ መጠን ይነስ"፣ "ገጽ ይህን ያህል" ብሎ የጻፈው፣ የአሳታሚ ማኅተም ወይም የቆየ ወረቀት ሊገኝ ይችላል። በብዕር ሥዕል ላይ ስሕተት የተሸፈነበት ነጭ ቀለም ይታያል። እኛ ቆሻሻ የምንለው ይህ ሁሉ ማስረጃ ነው።

5. ፊርማ ብቻውን ምንም አይደለም። ሥዕሉ ሲታተም ፊርማውም አብሮ ይታተማል።

6. ከማን እጅ ለማን እጅ እንደተላለፈ ጠይቁ። መልሱ "ከአንድ ሰው ገዛሁት" ብቻ ከሆነ፣ ኪሳችሁን ዝጉና ባለሙያ አማክሩ።

የት ይታያሉ?

ዲሲና አካባቢው ለምትኖሩ ወገኖች ቅርብ የሆነው የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዊሊያም ፓተን የተባለ የቀድሞ የ"ሃርፐርስ" መጽሔት የሥዕል አዘጋጅ አነሣሽነት ከሠዓሊዎችና ከቤተሰቦቻቸው የተሰበሰቡ ከ4,000 በላይ ዋና ሥዕሎች እዚያ አሉ። ብዙዎቹን ቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ማየት ትችላላችሁ፤ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ለሚነዳ ደግሞ የፓይል ሥራዎች ዊልሚንግተን፣ የዋየዝ ቤተሰብ ሥራዎች ቻድስ ፎርድ ይገኛሉ። የብራንዲዋይን ሙዚየም በ1971 የተከፈተው በአሮጌ የእህል ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ወንዙ ዳር በመሆኑ በ2021 አይዳ የተባለው ማዕበል ባመጣው ጎርፍ ግቢው ሲጎዳ የሥዕል ስብስቡ ግን ተርፏል። ሮክዌል ለ"ቶም ሶየር" እና ለ"ሃክልቤሪ ፊን" የሠራቸውን ማየት የሚሻ ሚዙሪ ውስጥ ሃኒባል የሚገኘው የማርክ ትዌይን ሙዚየም ዘንድ ይሂድ።

እኔ ቻድስ ፎርድ የሄድኩት ጋሼን ይዤ ነው። ልጁ ከቤቱ የሚወጣበት ዋናው ሥዕል እዚያ ግድግዳ ላይ ነበር። ጋሼ ከልምድ የተነሣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከሰደዱ በኋላ መነጽሩን ሳያወጡ ተዉት። ከሩቅም ያስታውቃል። እኔ ቤት ባለው ላይ የእናትየው ሽርጥ አንድ ነጭ ነገር ነው። እዚህ ግን ነጩ ውስጥ ቢጫ አለ፣ ሰማያዊ ጥላ አለ፣ ፀሐዩ ግድግዳው ላይ እንደ ቅቤ ወፍሮ ተለስኗል። ልጁ ፊት ላይ ደግሞ በኅትመቱ ላይ ያላየሁት ነገር አየሁ። ልጁ ደፋር አይደለም። ፈርቷል። ላለማልቀስ ነው ፊቱን ያጠነከረው።

ጋሼ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና "አየህ፣ እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ስናትም የኖርነው የዚህን ጥላ ነው" አሉ። ቀጥለውም "እናትህ ደኅና ናቸው?" ብለው ጠየቁኝ።

የ650 ዶላሩን ሥዕል አልጣልኩትም። ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ግን "ኅትመት ነው" የሚል ወረቀት ለጥፌበታለሁ፤ ነገ ልጆቼ ወርሰው ሌላ ሰው እንዳይሸውዱበት። ለቲኬቱ እንደገና ስምንት ወር አጠራቀምኩ። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ሄጄ ከእናቴ ጋር አሳለፍኩ። ስመለስ እሷ እንደ ወትሮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ ግን በዚህኛው ጊዜ ዞርኩ።